ቶሌራን በሽማግሌ የጠየቁን ለት

እርጅና ከየት እንደሚጀምር አይነግርም፤ በእኔ ከጉልበቴ ጀመረ። ባለፈው ክረምት ሁለት ደረጃ መውጣት አቃተኝና ልጄ ከበደሌ መጥታ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ጺሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። «እትዬ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ የሚቀባ ቅባት ጻፈልኝ። ዕድሜ መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም። ቤት ገብተን ክዳኑን ስከፍተው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያ ኳስ ተጫዋቾች እግራቸውን የሚያሹበት፣ አፍንጫ የሚቆረቁር፣ ትንሽ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚመስል ሽታ። እንባዬ መጣ። ልጄ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ቅባቱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አልኳት። ቅባቱን ገና አልነካሁትም ነበር።

ያ ሽታ አንድ ሰሞን የጓሮ ክፍሌ ሽታ ነበር። በበሩ ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ወጥ ቤቴ ድረስ ይገባል። «ይኼ ልጅ ወጤን መድኃኒት መድኃኒት አሸተተብኝ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ልጁ ቶሌራ ይባላል፤ ከያዮ የመጣ፣ የከተማችን ቡድን የግራ አጥቂ። በዚያ ዘመን መቱ፣ ጎሬ ወይ ሁሩሙ የነበረና ኳስ የሚወድ ሰው ስሙን ያስታውሰው ይሆናል። የማያስታውሰውም ብዙ ነው። ቡድኑን ራሱን የሚያስታውሰው ስንት ሰው ቀረና።

መቱ ያኔ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። ከዋናው መንገድ ወጣ ካልሽ ቀዩ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ እንደሆነ ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሬዲዮ መስማት አይቻልም። ሞባይል የያዘ ሰው በእጅ ይቆጠር ነበር፤ የያዘውም ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ዳገቱ ሲወጣ እንስቅበት ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም፤ በአንድ ብር ሰው ጋብዘሽ ምስጋና ትቀበያለሽ። ከመቱ ጎሬ በሚኒባስ አራት ብር ነበር መሰለኝ። አሁን ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ረዳቱ በነገረኝ ቁጥር እጣላለሁ። እኔ ገበያው ዳር ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ፖፕሊን፣ ቴትረን፣ ለቀሚስ የሚሆን አበባ አበባ ያለው። ሰልባጅ መጥቶ ገበያዬን እስኪገድለው ድረስ የመቱ ሴት ለዓመት በዓል እኔን ሳታይ ልብስ አታሰፋም ነበር። ከእኔ ሱቅ ማዶ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ነበረ፤ ከጧት እስከ ማታ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያዘፍንብናል። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን ይቀይረዋል፤ «አስጨርሰን እንጂ!» ብዬ ስንቴ ጮሄበታለሁ። ዛሬ እዚያ ቦታ ባንክ ቆሟል። ባንክ ምን ዘፈን አለው።

እሁድ እሁድ ግን ገበያውም ሱቁም ተዘግቶ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ሜዳ ስላችሁ ስታዲየም እንዳይመስላችሁ፤ ባንዲራ የተተከለበት፣ ዳር ዳሩን የባሕር ዛፍ አጠና የታጠረ ሣር ነው፤ ከጨዋታው በፊት ላሞች ይባረራሉ። እኔ ኳስ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ከጨዋታ ውጪ የሚሉት ነገር አልገባኝም፣ አስረዱኝ ማለትም ትቻለሁ። የምወርደው ሰውን ለማየት ነበር። ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል፤ የጎሬ ሰው እንደሆነ በድሮ መዲናነቱ ይኮራል፣ «እናንተ መቱዎች» እያለ ይጀምራል፣ የእኛ ቡድን ሲያገባ ግን ከእኛ ብሶ ይጨፍራል። እኔም የጎሬ ልጅ ነኝ፤ አያቶቼ ከሸዋ ለሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ባሌ ፈይሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመቱ ሰው ነው፤ ቡና ነጋዴ።

ቡድናችን የሚኖረው በቡና ነበር። መንግሥት ቢሰጥ የማሊያ ነው፤ የቀረው ከነጋዴው ነው። በለቀማ ወራት እያንዳንዱ ቡና ነጋዴ አንድ አንድ ፈረሱላ፣ ማለት አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ለኳስ ብሎ ያስቀምጣል። ያ ሁሉ ተሰብስቦ ይሸጥና የዓመቱ አውቶብስ፣ የዳኛ አበል፣ የልጆቹ ደመወዝ ይሆናል። ካምፕ የሚባል ነገር የለም። ከሌላ አገር የመጣ ተጫዋች በየነጋዴው ቤት ይደለደላል፤ ያ ቤት ያበላዋል፣ ያጥብለታል፣ ሲታመም ያስታምመዋል። አንዷ ሴት ከሌላዋ ጋር ስትገናኝ «የእኔ በረኛ እኮ ጎመን አይበላም»፣ «የእኔ አማካይ ደግሞ እንቅልፍ ሲወድ!» ስትባባል ትሰሚያለሽ። ልጄን የበደሌ ሰዎች በሽማግሌ ጠይቀው በዳርናት ዓመት ለእኛ ቶሌራ ደረሰን። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር፣ ማታ ማታ ሁለት ሰው በትልቅ ትሪ ስንበላ ያስጠላኝ ነበር። አንድ ቀን ፈይሳ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ይዞ ገባ። በእጁ የያዘው አንድ ፌስታል ነው። «ይኸውልሽ የግራ አጥቂ» አለኝ። «ቀኝ የለም ነበር?» አልኩት። ልጁ አቀርቅሮ ሳቀ።

እናት አባቱ በሕፃንነቱ ነው የሞቱት፤ ጫካው ዳር አጎቱ ዘንድ ቡና እየለቀመ፣ ማር ሲቆረጥ እየረዳ ነው ያደገው። ፈይሳ ይህን ሲሰማ ነገሩን በድልደላ ብቻ አልተወውም። ከሁሩሙ ኦቦ ነገሮን፣ አቶ ነገሮ እንደማለት ነው፣ አስጠራ። ኦቦ ነገሮ በዚያ አካባቢ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ በድንበር ሰው ቢቀያየም፣ እሳቸው ከሄዱበት ነገር ሳይጨርሱ አይመለሱም ይባልላቸዋል። መጡና በእርጥብ ሣር፣ በወተትና በማር ልጁን መርቀው «ከዛሬ ጀምሮ የፈይሳ ልጅ ነህ» አሉት፤ ጉዲፈቻ መሆኑ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጎረምሳ በጉዲፈቻ ሲገባ እኔ በበኩሌ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ፈይሳ ግን አልተጫወተም። ልጁም በማግስቱ ጧት ወጥ ቤት ብቅ ብሎ «አዮ፣ ውኃ ልቅዳልሽ?» አለኝ። አዮ በኦሮምኛ እማ ማለት ነው። እኔ ሆዬ፣ ውኃ የነበረበትን ባልዲ ደፍቼ ሰጠሁት።

ምን ዓይነት ልጅ መሰላችሁ። ሜዳ ላይ ያ የግራ እግሩ ሕዝቡን ሲያስጨንቅ ቤት ሲገባ ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። ገበያ ለገበያ ስዞር ጨርቁን ተሸክሞ ይከተለኛል፤ ሁሩሙ ገበያ እኔ ሲደክመኝ ብቻውን ይሄድልኛል። ሰዎች «እትዬ ጥሩነሽ፣ አጥቂያችንን ተሸካሚ አደረግሽው?» ይሉኛል። «እናንተ እሁድ ብቻ ነው የምታውቁት፤ ሰኞ የእኔ ነው» እላቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶት ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ማለፋችን እንደማይቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ሰው በእርግጠኝነት ያወቀው ነገር ሲቀር እንዴት እንደሚያም ያኔ ነው ያየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ቡናው ቀረ። አበባው ሊወጣ ሲል ዝናቡ ጠፋ፣ የወጣውን ደግሞ ያለጊዜው የመጣ ዝናብ አረገፈው። ለቀማ ደርሶ ሰው ጫካ ገብቶ በባዶ ቅርጫት ይመለሳል። የተገኘውም ዋጋ አላወጣም። ፈይሳ የማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ጥቂት ቡና በእጁ እያገላበጠ ቆሞ አየሁት። ለኳስ የሚቀመጠው ፈረሱላ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ግማሽ ሰጠ፣ አንዳንዱ «ለከርሞ» አለ፣ አንዳንዱ መንገድ ቀይሮ መሄድ ጀመረ። ቡድኑ ግን መጫወቱን አላቆመም፤ እስከ ጥር ድረስ በብድር አውቶብስ እየሄደ አንደኛ ነበር። ከዚያ የዓመቱ አጋማሽ ደረሰ፣ ክለብ ከክለብ ተጫዋች የሚሸጥበት ወቅት። የዝውውር መስኮት ይሉታል። የመቱ ሰው ያን ቃል የሰማው ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መስኮት ስንል የቤት መስኮት ነበር።

ከአንድ ትልቅ ከተማ፣ ስሙን ተዉት፣ የክለብ ሰው መጣ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ሁለት ሞባይል የያዘ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ክፉ ነው ልል አልችልም። በረኛውንና አማካዩን በሳምንት ውስጥ ወሰዳቸው። አስተናጋጆቻቸው ሴቶች መናኸሪያ ወርደው አለቀሱ፤ በረኛው ጎመን እንደማይበላ አሁን ለማን ይነገር? ሰውየው ከሁሉ በፊት የመጣው ግን ለቶሌራ ነበር። በወረቀቱ ቢሆን ጉዳዩ የክለቡና የልጁ ነው። በእኛ ከተማ ግን የኮሚቴ ሰው ያሳደረውን ቤት ሳያስፈቅድ አይፈርምም፤ እንዲያ ማድረግ ነውር ነው፣ ነገ በምን ዓይኑ ያየናል። ስለዚህ ሊቀመንበሩ፣ ጋሽ በቀለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ስብሰባ ጠራ።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያይም ነበር። ጋሽ በቀለ ቆመና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ጎበዝ፣ እኔም እንደናንተ ሆዴ ያራል» አለ። «ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንዱን ልጅ ብንሸጠው የቀሩት እስከ ሰኔ ደመወዝ ይበላሉ። ባንሸጠው በመጋቢት እንበተናለን። ማል ጎና?» ምን እናድርግ ማለቱ ነው። ፈይሳ ከመሐል ተነሣ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። «የእኔን ፈረሱላ ሁለት አድርጉት፣ ሦስት አድርጉት፤ ባይኖረኝ ተበድሬ አመጣለሁ። ልጁን ግን አልሸጥም። ጉዲፈቻ ነው፤ ጉዲፈቻ አይሸጥም፣ አይመለስም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ የካሴቱ ልጅ ሳይቀር «አይሄድም! አይሄድም!» አለ። እኔም በበሩ ቆሜ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። በዕድሜዬ በባሌ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ቶሌራ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሁሉም ሰው ስለ እሱ ይናገራል፣ እሱ ጫማውን ያያል። አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ።

የቆዳ ጃኬቱ ሰውዬ ግን አልሄደም። ሆቴል ተቀምጦ ሰነበተ። ምን ይጠብቃል እያልን ስንነጋገር፣ የሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ገና በጧቱ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ኦቦ ነገሮ ናቸው፣ ሌሎቹ አንድ ቄስና የጎሬ ፍርድ ቤት ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። «ግቡ እንጂ» ብላቸው ገቡ፤ «ተቀመጡ» ብላቸው ግን አንቀመጥም አሉ። ደነገጥኩ። በአገራችን ሽማግሌ ገብቶ አልቀመጥም ካለ የመጣው ልጅ ሊጠይቅ ነው። «ኦቦ ነገሮ፣ ቤት ተሳስታችኋል፤ እኔ ልጄን ድሬያለሁ፣ ሌላ ሴት ልጅ የለኝም» አልኳቸው። ቄሱ ሳቃቸውን ዋጡ። ፈይሳ ከጓዳ ወጥቶ፣ ጋቢውን እያስተካከለ፣ «ምን እግር ጣላችሁ?» አላቸው፤ ደንቡ ነው።

«መልካም ቤት ነው ብለን መጥተናል» አሉ ኦቦ ነገሮ። «ልጃችሁን ስጡን ልንል ነው።»

«የትኛውን ልጅ?»

«ቶሌራን። ለኳስ።»

ወይ ጉድ! የቤቱ ጣሪያ የዞረብኝ መሰለኝ። እኚህ እኮ ራሳቸው በወተትና በማር መርቀው ያስገቡት ሰው ናቸው። የቆዳ ጃኬቱ ሰውዬ አገሩን አጥንቶ ኖሯል ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ በወረቀት ያጣውን በሽማግሌ መጣበት፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሏል ይኼ ነው። ቢሆንም ፈይሳን ተማምኜ ነበር። ደግሞም ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ «እንመካከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። ለሴት ልጄ የመጡትን የበደሌ ሽማግሌዎች ፈይሳ ሦስት ጊዜ አመላልሷቸዋል፤ ሦስተኛው ላይ ከእነሱ ጋር የነበሩት ቄስ እግራቸው አብጦ ነበር። ሁለት ሳምንት ደግሞ ለእኛ በቂ ነው፣ የዝውውሩ ወቅት ያልቃል፣ ሰውየውም ይሄዳል። ይህን በልቤ እያሰላሁ ቡናዬን ልጥድ ዞር አልኩ። በወጥ ቤቱ በኩል ሳይ ኦቦ ነገሮ ፈይሳን ክንዱን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው ተነጋገሩ። ሽማግሌው ናቸው የሚናገሩት፤ ፈይሳ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የሚሉት አልተሰማኝም። አንዴ ብቻ ፈይሳ ቀና ብሎ ወደ ጓሮ ክፍሉ በር አየ።

ተመልሶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና፣ እኔን ሳያይ፣ «ሰጥቻችኋለሁ፤ ተቀመጡ» አለ።

በዚያው ቀን። በዚያው ጧት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመላልስ። የያዝኩት ስኒ ከእጄ አልወደቀም፣ እንደዚያ የሚሆነው በወሬ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጬው ወደ ጓሮ ወጣሁ። የቶሌራ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ክፍሉ በዚያ ቅባት ሽታ ታፍኗል። «አይዞህ ልጄ፣ አልሰጥህም» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ሳሎን ገብቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ጮህኩ፤ ለሴት ወግ አይደለም፣ ጮህኩ። ፈይሳ «ጥሩነሽ፣ ቃል ወጥቷል» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገረም።

በሁለተኛው ቀን ጧት በአውቶብስ ሄደ። ከሱቄ ምርጡን ቴትረን አውጥቼ ሱሪ አሰፋሁለት፤ ልብስ ሰፊው ሌሊቱን ሲሰፋ አደረ። መናኸሪያው ጭጋግ ነበረ። የፈይሳን ጉልበት ስሞ፣ የእኔን ሊስም ጎንበስ ሲል ከመሬት አነሣሁት። «ትመጣለህ?» አልኩት። «እመጣለሁ አዮ» አለኝ። የከተማው ጎረምሶች ቆመው ያያሉ፣ ከስምንት ቀን በፊት «አይሄድም» ያሉት ናቸው፤ አንዱም አልጮኸም። አውቶብሱ ወደ በደሌ መንገድ ሲታጠፍ ፈይሳ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ብቻውን ወደ ሜዳው ወረደ። ላሞች ገብተው ነበር መሰለኝ፣ ሲያባርር እንደዋለ ሰዎች ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ላውራ። ያለ አጥቂ፣ ያለ በረኛ፣ ያለ አማካይ ኳስ እንዴት ይሆናል፣ እኔ እንኳ ይገባኛል። ቡድኑ በየሳምንቱ እየተሸነፈ ወረደ። ሰኔ ላይ ማለፍ ቀርቶ ከነበርንበት ሊግም ወረድን። ለከርሞ ቡናው በዛ፣ ፈረሱላው ግን አልተመለሰም፤ ነገር አንዴ ከሰው ሆድ ከወጣ ለመመለስ ይከብዳል። ተጫዋች በየቤቱ ማሳደርም ቀረ። የባሕር ዛፉ አጠና አንድ አንድ እየተነቀለ ማገዶ ሆነ። አሁን ሜዳው ግማሹ የባጃጅ ማቆሚያ ነው፤ ልጆች በቀረው ላይ ይራገጣሉ፣ ማሊያቸው ሁሉ የፈረንጅ ክለብ ነው፣ ጀርባው ላይ የማላውቀው ስም ተጽፎበታል። ኳስ የሚያዩት በዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ከፍለው ነው። እኔ ደግሞ ከሱቁ ወጥቼ ቤት ዋልኩ።

የቶሌራን ስም በሬዲዮ እንጠብቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቀይሮ መግባቱን ሰማን። ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ አሉ፤ ከዚያ ስሙ ጠፋ። መጀመሪያ ለዓመት በዓል በጎረቤት ስልክ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ያም ቀረ። እኔ ግን የማን ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ቂሜን በፈይሳ ላይ አወረድኩ። አንድ ቀን አልነበረም፣ ዓመታት ነው። ራት ሲቀርብ «ልጄን በጧት ሰጥተህ በማታ እንጀራ ትቆርሳለህ» እለዋለሁ። ገና ሲመጣ፣ ፋሲካ ሲመጣ፣ በሰው ፊት ጭምር፣ «የእኛ ቤት ሽማግሌ አያመላልስም፤ የጠየቀ ይወስዳል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ፈይሳም ፈገግ ይላል። አንድም ቀን አልመለሰልኝም። ዝምታው ራሱ ያበሳጨኝ ነበር፤ ጥፋተኛ ባይሆን ይናገር ነበር እል ነበር። ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ አላጎደልኩበትም፤ ልቤን ግን ከለከልኩት። ሊሞት ሰሞን እጄን ይዞ «ጥሩዬ» አለኝ፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። «ምን ፈለግህ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። በሳምንቱ ቀበርነው። ቶሌራን በለቅሶው በዓይኔ ፈለግሁት፤ አላየሁትም። ያንንም በሟቹ ላይ ቆጠርኩት።

ይህን ሁሉ ቅባቱ ነው የቀሰቀሰብኝ እንጂ ተቀብሮ ነበር። በዚህ ጥቅምት፣ ጉልበቴ ትንሽ ሻል ሲለው፣ ኦቦ ነገሮ አረፉ የሚል መርዶ መጣ። አልሄድም ብዬ ነበር። ልጄ «እማ፣ የሞተ ሰው ይቅር ይባላል» ብላ ይዛኝ ሁሩሙ ወረድን። ድንኳኑ ሞልቷል። ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሲገባ አየሁ፤ ሆዱ ወጣ ወጣ ብሏል፣ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ሲረግጥ ግራ እግሩን ይጠብቃል። በፊቱ ሳይሆን በእግሩ አወቅሁት። እሱም አየኝ። ወንበሩን አስቀምጦ መጣና ጎንበስ ብሎ «እንደምን ነዎት፣ እትዬ ጥሩነሽ» አለኝ።

እትዬ። ነዎት። ውኃ የቀዳልኝ ልጅ። ንዴቴ ተነሣ። ከድንኳኑ ውጪ ጠራሁትና ከቡና ዛፎቹ ሥር ቆመን «ለፈይሳ ለቅሶ ያልመጣህ ለእሳቸው ወንበር ትሸከማለህ?» አልኩት። «ከቤቴ ያወጡህ እሳቸው አይደሉም?»

«ለጋሼ መጥቼ ነበር» አለኝ፤ ፈይሳን እንዲያ ነበር የሚጠራው። «የቀብሩ ለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ቆሜ ነበር። እርስዎ ዘንድ መቅረብ አቃተኝ።»

«ለምን? እኔ ምን በደልኩህ?»

ወንበር ሲሸከም የቆሸሸ እጁን በሱሪው ጠረገ። «አዮ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ኦቦ ነገሮን የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። እሱ ነው ያስረዳኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። መሄድ ፈልጎ ነበር። በአዳራሹ ያ ሁሉ ሰው «አይሄድም» ብሎ ሲያጨበጭብ አንድም ሰው «አንተስ?» አላለውም። ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ እሱ መውጣት ፈለገና ሽማግሌ ላከ። «ጋሼን ልቀቀኝ በምን አፌ ልበለው? ያለበሰኝ፣ ያበላኝ ሰው ነው» አለኝ። «ያን ሳምንት ጨርቅ አስይዘሽ እዚህ ገበያ የላክሽኝ ለት እሳቸው ቤት ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።»

«ፈይሳ ያውቅ ነበር?»

«ኦቦ ነገሮ ጓሮ ወስደው ነግረውታል። ጋሼ የለመናቸውን ኋላ እሳቸው ነገሩኝ። "ለጥሩነሽ እንዳትነግሯት" አላቸው። "ልጇ ለባል ከሄደች ገና ቅርብ ነው። ይኼኛውም ወዶ ሄደ ከምትል፣ ባሌ ሰጠብኝ ትበል። እኔን ብትቀየም እችለዋለሁ።"»

ቻለውም። አምላኬ፣ ስንት ዓመት ቻለው። ልጁን ምን እለዋለሁ፣ ወጣት ነበር፣ መጫወት ፈለገ። ግንባሩን ሳምኩትና ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ማታ በሚኒባስ ስንመለስ ልጄ «ምን ሆነሻል፣ ጉልበትሽ ነው?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሰው የበደለውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ሲፈልግ በገዛ አፉ አይሄድም፣ ሽማግሌ ይልካል። ለፈይሳ ማንን እልካለሁ? ፈይሳ ወዳለበት የሚሄድ ሰው፣ ያውም ነገር ሳይጨርስ የማይመለስ ሽማግሌ በዚህ ሳምንት ሄዷል፤ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሸኝቼዋለሁ። አንድ ሳምንት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ይቅርታዬን በኦቦ ነገሮ እልክለት ነበር።